የሚጥል በሽታ እያለብን መንገድ ስንወጣ

መጀመሪያ እንቅልፍ። ሌላው ሁሉ ቆይቶ ይደርሳል።

የአገራችን መንገድ በሌሊት ነው የሚጀምረው። አውቶቡሱ 11 ሰዓት ይነሳል፣ 10 ሰዓት ተገኙ ይባላል፣ ስለዚህ 9 ሰዓት መነሳት ነው። ማታውን ደግሞ ሻንጣ ስናስር፣ ለዘመድ የሚላከውን በርበሬና ሽሮ ስንቋጥር እኩለ ሌሊት ያልፋል። ያልተኛ ጭንቅላት፣ ባዶ ሆድ፣ በጥድፊያ የተረሳ ክኒን። በሽታው ከዚህ የተሻለ ግብዣ አይፈልግም።

እኔን የጣለኝ እንዲሁ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ የመጀመሪያዎቹን ጥምዝምዞች አስታውሳለሁ። ቀጥሎ የማስታውሰው የክብሪት ጭስ ነው። አፍንጫዬ ሥር ክብሪት፣ አፌ ውስጥ የማንኪያ እጀታ፣ የአንዱ የፊት ጥርሴ ጫፍ የለም። ጥርሴን በሽታው አልሰበረውም። የሰበረው ሊረዳኝ የተጣደፈ ሰው ነው፣ እግዜር ይስጠው።

ስለዚህ ከቻላችሁ መንገዱን ለሁለት ቀን ክፈሉት። ባሕር ዳር ለመድረስ ደብረ ማርቆስ ማደር ነውር አይደለም። ገንዘቡ ካለ አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሁለቱም ካልሆነ ሻንጣውን ከሁለት ቀን በፊት እሰሩና የመንገዱ ዋዜማ ማታ 2 ሰዓት ላይ ተኙ፤ ቤተሰቡ ይስቅ። የሽኝት ቢራም ይቅር። መጠጡ ራሱ አንድ ነገር ነው፣ እንቅልፍ ማበላሸቱ ደግሞ ሌላ።

ወደ ክኒኑ እንምጣ። ትልቁ ሻንጣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ይጫናል፣ ሸራ ይለብሳል፣ ከዚያ እስክትወርዱ አታገኙትም። መድኃኒታችሁ እዚያ ከሆነ የለም ማለት ነው። ለሁለት ክፈሉት፦ ዋናውን ከራሳችሁ በማይለይ ቦርሳ፣ መጠባበቂያውን በሻንጣ። ቢያንስ የአንድ ሳምንት ትርፍ ያዙ፤ መንገድ ይዘጋል፣ ለቅሶ ይገጥማል፣ ዘመድ "ሁለት ቀን ጨምሩ" ይላል። በክፍለ ሀገር ፋርማሲ አትመኩ። ፌኖባርቢታል ሊገኝ ይችላል፤ ሌቬቲራሲታም ወይም ላሞትሪጅን የምትወስዱ ግን ብዙ ትዞራላችሁ። አንድ ጊዜ ከረሳችሁ እንዳስታወሳችሁ ዋጡ። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ሁለቱን አትደርቡ። መኪና የሚያስመልሳችሁ ከሆነ ክኒኑ አብሮ ሲወጣ ምን እንደምታደርጉ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁት።

መንገድ ላይ የሚገዛ መድኃኒትም አለ። ለተቅማጥ ሲፕሮ፣ ለወገብ ትራማዶል እንደ ማስቲካ የሚገዛ ሰው ሞልቷል። ሁለቱም መጣልን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ቆላ የምትወርዱ ከሆነ የወባ መከላከያውን ነገር ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ፦ ሜፍሎኪንና ክሎሮኪን ለእኛ አይመከሩም፣ ዶክሲሳይክሊን ደግሞ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይን ወይም ፌኖባርቢታል ከምትወስዱ ጋር ኃይሉ ይቀንሳል። የትም ፋርማሲ ስትገቡ የመጀመሪያው ቃላችሁ "የሚጥል በሽታ አለብኝ፣ ይሄን እወስዳለሁ" ይሁን። አጎበሩንም አትርሱ፣ ትኩሳት ራሱ ይጥላል።

ጠበል የምትሄዱም ብዙ ናችሁ። ጠበሉን ተጠመቁ፣ ክኒኑንም ዋጡ። ሁለቱ አይጣሉም። መድኃኒትን በድንገት ማቆም ግን ያለማቋረጥ ደጋግሞ ሊጥል ይችላል፤ ያ ደግሞ ሕይወት ያጠፋል። ጾም ከሆነ ለንስሐ አባታችሁ ንገሯቸው። ረመዳንም ከሆነ ለታመመና ለመንገደኛ ፈቃድ አለው።

ስትደርሱ ሦስት ነገር ፍሩ፦ እሳት፣ ውኃ፣ ከፍታ። ዘመድ ቤት ከምድጃውና ከቡናው ከሰል ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ እንግዳ ናችሁና ማንም አይቀየምም። ላንጋኖ ለመዋኘት ከሆነ አጠገባችሁ መዋኘት የሚችልና ነገሩን የሚያውቅ ሰው ይኑር፣ ጣና ላይ ጀልባ ስትሳፈሩ የሕይወት ጃኬቱን ልበሱ። ሆቴል ከሆነ ምድር ቤቱን ጠይቁ፣ ተደራራቢ አልጋ ከሆነ የታችኛውን፣ ሻወር ስትገቡም በሩን ከውስጥ አትቆልፉት። መኪና መንዳቱን ለሌላ ሰው ተዉት።

ውጭ አገር የምትሄዱ፣ ወረቀቱ ላይ ተጠንቀቁ። የሐኪሙ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ይሁን፣ የመድኃኒቱ ዋና ስምና መጠኑ ይኑርበት፣ ቀኑ ደግሞ የፈረንጅ ይሁን። "2018" የሚል ወረቀት ቦሌ ላይ ትኩስ ነው፣ ዱባይ ላይ ግን ብዙ ዓመት ያለፈበት። ክኒኑ ከነካርቶኑ ይሂድ። ፌኖባርቢታል፣ ክሎናዜፓም፣ ዳያዜፓም በብዙ አገር ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው፤ ኤምሬትስ እንዲህ ያለውን ይዞ ለመግባት ከመንግሥት ቀድሞ በኢንተርኔት ፈቃድ ይጠየቃል። በተለይ ለሥራ የምትሄዱ እህቶች፣ በላስቲክ የተቋጠረ ክኒን ያለ ወረቀት ይዛችሁ እንዳትገቡ።

ሰዓቱም ያምታታል። ሐኪማችን "ጠዋት 2፣ ማታ 2" ብሎ ይጽፋል። ዋሽንግተን የወረደ ሰው ስልኩ 2 ሲል ከዋጠ ስድስት ሰዓት ተዛነፈ። ካርቶኑ ላይ በፈረንጅ ሰዓት 8 እና 8 ብላችሁ ጻፉ። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በክረምታቸው 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። በረራው ላይ አንድ የእጅ ሰዓት በአዲስ አበባ ሰዓት ተዉና በአንዱ ክኒንና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ሰዓት ጠብቃችሁ ዋጡ፤ ከደረሳችሁ በኋላ ከሐኪሙ ጋር በተነጋገራችሁት መሠረት ቀስ በቀስ አንሸራትቱት።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው። አጠገባችሁ ለተቀመጠው ሰው መናገር።

እኔ ለዓመታት አልተናገርኩም። ከጥርሴ በኋላ ነው የጀመርኩት። በዚያው መንገድ አጠገቤ ነጠላ ያጣፉ እናት ተቀምጠዋል። ሱሉልታን ሳናልፍ "እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት" አልኩ። "የሚጥል በሽታ አለብኝ። ከጣለኝ በጎኔ ያስተኙኝ፣ ከራሴ ሥር ለስለስ ያለ ነገር ያድርጉልኝ። አይያዙኝ። አፌ ውስጥ ምንም እንዳይከቱብኝ፣ ውኃም ቢሆን። ሰዓት ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ በሁለት ሦስት ደቂቃ ይለቀኛል። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳልነቃ ከደገመኝ፣ ሹፌሩ ወደ ሐኪም ቤት ይንዳ፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወል። አረፋው አይተላለፍም፣ አይፍሩ።"

ትንሽ ዝም አሉ። እኔ ደግሞ ወንበር ይቀይራሉ ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

"ክብሪቱስ?" አሉኝ።

"ክብሪት ምንም አይሠራም እማማ።"

"እኔ እኮ የእህቴን ልጅ ስንት ዓመት ክብሪት አሸተትኩት!" አሉና ረዳቱን ጠርተው ሁሉንም ከመጀመሪያው አስደገሙኝ። ያን ቀን አልጣለኝም። ደጀን ላይ ለምሳ ስንወርድ ከኋላችን የተቀመጠውን ወጣት ክንዱን ይዘው "አፍ ውስጥ ምንም አይገባም፣ ሰምተሃል? ማንኪያም ቢሆን!" እያሉ ነበር።