የዊኪ ማርክአፕ ከዜሮ፦ በአማርኛ የጋራ ገጽ ላይ መጻፍና ማስተካከል እንዴት ይቻላል?

ስለ ጅማ የተጻፈ የሆነ ገጽ ዊኪፔዲያ ላይ እያነበባችሁ «ይሄማ ጎድሏል» ብላችሁ ማስተካከያውን ነክታችሁ፣ ከዛ ቅንፍ በቅንፍ ሆኖ ሲመጣባችሁ ዘግታችሁ የወጣችሁ ካላችሁ ይሄ ጽሁፍ ለናንተ ነው። አብሽሩ፣ እነዛ ቅንፎች ዊኪ ማርክአፕ ሚባሉት ናቸው፣ ጽሁፉ ገጹ ላይ እንዴት እንደሚወጣ ሚናገሩ አጫጭር ምልክቶች እንጂ ፕሮግራሚንግ አይደሉም። የመጀመሪያውን ዊኪ (ብዙ ሰው ገብቶ ሚያስተካክለውን የጋራ ድረገጽ) ዋርድ ከኒንግሃም ሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ1995 ሲከፍተው ሃሳቡ ራሱ ኮድ ማያውቅ ሰው ከብራውዘሩ ሳይወጣ ገጽ እንዲያስተካክል ነበር፣ ዊኪፔዲያም በ2001 ሲመጣ ይሄንኑ ይዞ ነው የመጣው፣ ምልክቶቹ እንዲህ ጥቂትና አጭር የሆኑትም ለዛ ነው።

ምልክቶቹን በአንድ ከሰአት ትጨርሷቸዋላችሁ። አማርኛ ላይ ሰውን ሚያደናቅፈው ሌላ ነገር ነው፣ ፊደላችንና ኪቦርዳችን። ማስተማሪያዎቹ በብዛት ለእንግሊዝኛ ጸሃፊ የተሰሩ ስለሆኑ እነሱ ማይነግሯችሁ ነገር አለ፣ እኔ እዚህ ብዙ ምቆየው እሱ ላይ ነው።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። እዚህ ምናየው ሚዲያዊኪ ሚባለው ሶፍትዌር ላይ ሚሰራውን ነው፣ ዊኪፔዲያ ሚጠቀመው እሱን ነው። መስሪያ ቤታችሁ ወይ ዲፓርትመንታችሁ የራሱ የጋራ ገጽ ካለው ምን ላይ እንደተሰራ ጠይቁ፣ ለምሳሌ ዶኩዊኪ ከሆነ ደማቅ ጽሁፍ ሚወጣው በሁለት ኮከብ ነው፣ ርዕስ ላይ ደሞ ነገሩ ተገልብጦ የእኩል ይሆናል ምልክቱ በበዛ ቁጥር ርዕሱ ይተልቃል።

መጀመሪያ መለማመጃ ቦታ ይኑራችሁ

አካውንት ክፈቱ፣ ደቂቃ አይፈጅም። ከዛ ዋናው ገጽ ላይ ሳይሆን በራሳችሁ ስም ስር ተለማመዱ። አማርኛው ዊኪፔዲያ ላይ መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ አባል: ብላችሁ የተጠቃሚ ስማችሁን፣ ከዛ / አድርጋችሁ ልምምድ ብላችሁ ጻፉና ፈልጉት፣ ገጹ የለም ይላችኋል፣ በቀዩ ሊንክ ገብታችሁ ፍጠሩት። እዛ ላይ የፈለጋችሁትን ብታበላሹ ማንም ምንም አይላችሁም።

በስልክ ከሆነ ምትጽፉት ምልክቶቹን መፈለግ ያደክማል። ጂቦርድ (የጉግል ኪቦርድ) ላይ ካሬ ቅንፎቹ [ ]፣ ቋሚ ሰረዙ | እና እኩል ይሆናል = ያሉት ሁለተኛው የምልክት ገጽ ላይ ነው፣ መጀመሪያ ወደ ቁጥሮቹ ትሄዳላችሁ ከዛ =\< ሚለውን ትነካላችሁ። ረጅም ነገር ከሆነ ደሞ መጀመሪያ ስልካችሁ ኖት ላይ ጻፉትና አምጥታችሁ ለጥፉት፣ ኔትወርክ መሃል ላይ ቢቋረጥ ወይ መብራት ቢሄድ ልፋታችሁ አብሮ አይሄድም።

አንቀጽ

ኢንተር አንዴ ብትነኩ አዲስ አንቀጽ አይፈጠርም፣ ሁለቱ መስመሮች ተያይዘው ነው ሚወጡት። መሃላቸው ባዶ መስመር ሊኖር ይገባል፣ ማለትም ኢንተር ሁለቴ። ሌላው ሰው ሳያስበው ሚገባበት ነገር ደሞ መስመሩን በባዶ ቦታ መጀመር ነው። ወረቀት ላይ እንደለመድነው አንቀጹን ገባ አድርገን ልንጀምር ስፔስ ስንመታ ሶፍትዌሩ ጽሁፉን እንዳለ ሳጥን ውስጥ ያስገባውና መስመሩ ከስክሪን አልፎ ይሄዳል። ገጻችሁ ላይ ድንገት ግራጫ ሳጥን ካያችሁ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለውን ስፔስ አጥፉ፣ አለቀ።

ደማቅ ጽሁፍ

ሶስት ነጠላ ጭረት ከፊት፣ ሶስት ከኋላ።

'''የአባ ጅፋር ቤተ መንግስት''' ጅማ ውስጥ ጅሬን ኮረብታ ላይ ይገኛል።

የገጹ ስም መጀመሪያ ሲጠራ ብቻ ነው ሚደምቀው፣ በየቦታው ማድመቅ ንባብ ያደክማል። ሁለት ሁለት ጭረት ካደረጋችሁ ጽሁፉ ያዘነብላል፣ ግን የኛ ፊደል ሲያዘነብል አያምርም፣ ለማንበብም ይከብዳል፣ ስለዚህ የመጽሐፍ ስም ምናምን ሲሆን በ« » ውስጥ አድርጉት ባይ ነኝ።

የኪቦርድ ነገር እዚህ ይጀምራል። ምልክቱ ቀጥ ያለው ጭረት መሆን አለበት። አንዳንድ ስልክ ራሱ እያስተካከለ ጎበጥ ያለውን ’ ያደርገዋል፣ በዓይን ስታዩት ያው ይመስላል ግን ሶፍትዌሩ አያውቀውም፣ ሴቭ ስታደርጉ ጽሁፉ ሳይደምቅ ጭረቶቹ እንዳሉ ይወጣሉ። አንዳንድ የአማርኛ ኪቦርድ ደሞ ጭረቷን ፊደል ለመቀየር ስለሚጠቀምባት ጭራሽ አትወጣም። ለምልክቶቹ ወደ እንግሊዝኛው ኪቦርድ ቀይሩ፣ ይሄን ልምድ አድርጉት።

ርዕስና ዝርዝር

== ታሪክ ==
=== የጅማ መንግስት ዘመን ===

ሁለት እኩል ይሆናል ዋና ርዕስ፣ ሶስት ሲሆን በሱ ስር ያለ ንዑስ ርዕስ። አንድ ብቻ አታድርጉ፣ እሱ ለገጹ ስም የተቀመጠ ነው። በሁለቱም በኩል ቁጥሩ እኩል ይሁን፣ መስመሩ ላይም ሌላ ጽሁፍ አይኑር። ማውጫ መስራት አያስፈልግም፣ ከርዕሶቹ ላይ ራሱ ያወጣዋል።

ዝርዝር ከሆነ መስመሩን በኮከብ ጀምሩ፣ ቁጥር ከፈለጋችሁ በ# ጀምሩ። ሁለት ኮከብ ካደረጋችሁ ወደ ውስጥ ይገባል። በዝርዝሩ መሃል ባዶ መስመር አታስገቡ፣ በተለይ #ው ላይ ቁጥሩ እንደገና ከ1 ይጀምራል።

ሊንክ፣ ዋናው ቁም ነገር

ወደ ሌላ ገጽ ሚወስድ ሊንክ ሁለት ካሬ ቅንፍ ነው።

[[ቡና]]

ይሄን ሴቭ ስታደርጉ ቡና የሚለው ሰማያዊ ይሆንና ወደ ቡና ገጽ ይወስዳል። ቀይ ከሆነ በዛ ስም ገጽ የለም ማለት ነው፣ ስህተት ነው ማለት ግን አይደለም፣ አንድ ሰው መጥቶ እንዲጽፈው ክፍት ቦታ ነው።

እንግሊዝኛ ጸሃፊ ብዙ ጊዜ በዚህ ይበቃዋል። እኛ ግን «ጅማ» ብለን ብቻ አንጽፍም፣ በጅማ፣ ከጅማ፣ የጅማ፣ ጅማን፣ ጅማዎች እንላለን። የገጹ ስም ግን ጅማ ብቻ ነው፣ ስለዚህ [[በጅማ]] ብላችሁ ብትጽፉ ሊንኩ ቀይ ይሆናል ምክንያቱም «በጅማ» ሚባል ገጽ የለም። መፍትሄው ቋሚ ሰረዝ ናት።

[[ጅማ|በጅማ]]

ከሰረዙ በፊት ያለው የገጹ ትክክለኛ ስም፣ ከሰረዙ በኋላ ያለው አንባቢው ሚያየው። በቃ ይሄ ነው። በአማርኛ ስትጽፉ ከሁሉም በላይ ምትጠቀሙት ምልክት ይቺ ናት፣ ሌላውን ብትረሱ እንኳ እሷን አትርሱ።

«በ»ን ከቅንፉ ውጭ አድርጌ በ[[ጅማ]] ብልስ? ይሰራል፣ «በ» ጥቁር ጅማ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፣ ብዙ ሰውም እንደዛ ነው ሚጽፈው። ቃሉ መጨረሻው ላይ ሲለወጥ ግን ይሄ ዘዴ አያወጣችሁም። ቤተ መንግስት ሚለው «ቤተ መንግስቱ» ሲሆን ት ራሷ ቱ ሆነች፣ ወንዝ «ወንዙ» ወይ «ወንዞች» ሲሆን ዝ ዙና ዞ ሆነች። የኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለያዘ ቅንፉን ከት በኋላ ዘግታችሁ «ኡ»ን ውጭ መቀጠል አትችሉም። ስለዚህ፦

[[ቤተ መንግስት|ቤተ መንግስቱ]]
[[ወንዝ|ወንዞች]]

ሌላው ቀይ ሊንክ ሚያመጣው ደሞ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ናቸው። ለኛ ጆሮ አንድ ናቸው፣ ለሶፍትዌሩ ግን ሌላ ሌላ ፊደል ናቸው። [[ፀሐይ]] እና [[ጸሀይ]] ሁለት የተለያየ ገጽ ነው ለሱ። ሊንኩ ቀይ ሲሆንባችሁ ገጹ የለም ብላችሁ አዲስ ገጽ ከመፍጠራችሁ በፊት በሌላው ፊደል ጽፋችሁ ፈልጉት እባካችሁ፣ አንድ ጉዳይ ላይ ሁለት ግማሽ ግማሽ ገጽ ከሚኖር አንድ ሙሉ ገጽ ቢኖር ይሻላል። የገጹን ስም ካገኛችሁት በኋላ ኮፒ አድርጋችሁ ከሰረዙ በፊት ለጥፉት፣ ከሰረዙ በኋላ እናንተ እንደለመዳችሁት ጻፉ።

ወደ ውጭ ድረገጽ ሚወስድ ሊንክ ሲሆን ግን ቅንፉ አንድ ብቻ ነው፣ መጀመሪያ አድራሻው፣ ከዛ ባዶ ቦታ፣ ከዛ ሚታየው ጽሁፍ። እዚህ ላይ ቋሚ ሰረዝ የለም፣ ባዶ ቦታ ነው ሚለያቸው።

መደብ፣ እና ሁለት ነጥቡ

ገጹ ከመሰሎቹ ጋር አብሮ እንዲገኝ መጨረሻው ላይ መደብ ይጨመርለታል።

[[መደብ:የኢትዮጵያ ከተሞች]]

በመደብ እና በየኢትዮጵያ መሃል ያለችውን ምልክት ልብ ብላችሁ እዩዋት። የእንግሊዝኛው ኮለን ናት እንጂ የኛ ሁለት ነጥብ (፡) አይደለችም። የአማርኛ ኪቦርድ ላይ ኮለኑን ስትመቱ በብዛት ሚወጣው የኛው ነው፣ ዓይን ደሞ አይለየውም። በኛው ከተጻፈ ገጹ መደብ ውስጥ አይገባም፣ ዝም ብሎ ታች ቀይ ሊንክ ሆኖ ይቀመጣል፣ ሰው ደሞ ምክንያቱን ሲፈልግ ይውላል። አባል: ላይም ያው ነው፣ መለጠፊያ: (በብዙ ገጽ ላይ ሚገባ አንዴ የተዘጋጀ ጽሁፍ) ላይም። በሌላ በኩል ወደ መደቡ ሊንክ ብቻ ለማድረግ ፈልጋችሁ ገጹ መደቡ ውስጥ እንዳይገባ ከሆነ ከፊቱ አንድ ኮለን ጨምሩ፣ [[:መደብ:የኢትዮጵያ ከተሞች]]።

ምንጭ

የጻፋችሁት ነገር ከየት እንደመጣ ካልተገለጸ ሌላው ኤዲተር መጥቶ ቢያጠፋው ልትከራከሩት አትችሉም። አጻጻፉ እንዲህ ነው፦ ከአራት ነጥቡ በኋላ በ< እና > መሃል አር፣ ኢ፣ ኤፍ ሚሉትን ሶስት የእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ትጽፋላችሁ፣ ቀጥሎ የመጽሐፉን ስም፣ ደራሲ፣ ዓመትና ገጽ፣ ከዛ ያንኑ ሶስት ፊደል ትደግሙና ግን ከአሯ በፊት / አስገብታችሁ ትዘጋላችሁ። መዝጊያው ከተረሳ ከሱ በታች ያለው ጽሁፍ ሊበላሽ ይችላል።

ስለ ከተማችን ጅማ ስትጽፉ ብዙ ነገር በቃል ያለ ነው፣ ሂርማታ ገበያ ድሮ እንዴት እንደነበር አባቶች ቁጭ ብለው ሲያወሩ መስማት ትልቅ ሀብት ነው። ዊኪፔዲያ ግን የታተመ ነገር ይፈልጋል፣ ስለዚህ ከነሱ የሰማችሁትን መነሻ አድርጋችሁ ዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ ግቡና መጽሐፍ ወይ ጥናት ፈልጉለት። ከፌስቡክ ወይ ከቴሌግራም ቻናል ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ግን አይሆንም፣ የባለቤትነት መብት አለው፣ በራሳችሁ ቃል ነው ምትጽፉት።

ዓመት ላይም ጠንቀቅ በሉ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን የገዙት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው። «እ.ኤ.አ.» ሚለው ከወደቀ አንባቢው በኛ አቆጣጠር ይወስደዋል፣ ሰባት ስምንት ዓመት ተዛባ ማለት ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ1999 የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ነው የተመሰረተው፣ ይሄንን በኛ ልትጽፉት ከፈለጋችሁ 1992 ዓ.ም. ነው፣ ሁለቱን ግን አንድ ገጽ ላይ ሳትለዩ አትቀላቅሉ።

ሁሉንም አንድ ላይ

ልምምድ ገጻችሁ ላይ ይሄንን ጻፉትና እዩት፦

'''የአባ ጅፋር ቤተ መንግስት''' [[ጅማ|በጅማ]] ከተማ ጅሬን ኮረብታ ላይ ይገኛል።

== ታሪክ ==
ጅሬን የጅማ መንግስት መቀመጫ ነበረች። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋል።

== ደግሞ ይዩ ==
* [[ቡና]]
* [[ኦሮሚያ ክልል|ኦሮሚያ]]

[[መደብ:ጅማ]]

ሴቭ ሳታደርጉ ቅድመ እይታውን ንኩ፣ ሁሌም። ቅድመ እይታ ላይ ጭረት ከታየ ጭረቱ ጎብጧል፣ ቅንፍ ከታየ አንዱ አልተዘጋም፣ መደቡ ቀይ ከሆነ ወይ በዛ ስም መደብ ገና አልተፈጠረም ወይ ኮለኑ የኛው ነው። የኮለኑ መሆኑን ለማወቅ ሊንኩ የት እንዳለ እዩ፣ ከጽሁፉ ጋር ተቀምጦ ከታየ ኮለኑ ነው፣ ከገጹ በታች መደቦች ሚወጡበት ሳጥን ውስጥ ከሆነ ግን በትክክል ጽፋችሁታል።

ከዛ ምን እንዳደረጋችሁ ባጭሩ ማጠቃለያው ሳጥን ላይ ጻፉ፣ «ዓመት አስተካከልኩ፣ ምንጭ ጨመርኩ» ይበቃል፣ ሴቭ አድርጉ። አበላሸሁ ብላችሁ አትፍሩ፣ ታሪክ ሚለውን ብትከፍቱ እያንዳንዱ የድሮ ቅጂ ከነ ሰዓቱ ተቀምጧል፣ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። የጻፋችሁትን ሌላ ሰው ከለወጠው መልሳችሁ ከመለወጣችሁ በፊት የገጹ ውይይት ላይ ሄዳችሁ ምክንያታችሁን ጻፉለት፣ ከስር ደሞ ~~~~ አድርጉ፣ አራቷ ምልክት ሴቭ ስታደርጉ ወደ ስማችሁና ሰዓቱ ትቀየራለች፣ ሰውዬውም ማን እንዳናገረው አውቆ ይመልስላችኋል።