ለዓሣ መኖ የሚሆን የዝንብ እጭ፦ ከምልክት እስከ መፍትሄ

በሸዋ ሮቢት፣ በጀውሃና በአጣዬ ዙሪያ ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ለሚያረባ ሰው፣ ብላክ ሶልጀር ፍላይ የሚባለው የጥቁር ዝንብ እጭ በቤት ሊዘጋጅ የሚችል ጥሩ መኖ ነው። እጩ ሲደርቅ፣ እንደ ተመገበው ነገር ከፍ ዝቅ ቢልም፣ 40 በመቶ ገደማ ፕሮቲንና 30 በመቶ ገደማ ቅባት ይኖረዋል። እጩ የሚያድግበትን ሳፋ ጥላ ሥር ማስቀመጥን፣ በመረብ መሸፈንንና ከዶሮ መጠበቅን አንባቢው ያውቃል ብዬ አልፌዋለሁ። የምጽፈው ይህ ሁሉ ተሟልቶ እያለ ሥራው ሲበላሽ፣ ከሚታየው ምልክት ተነሥቶ መንስኤውን እንዴት ማግኘት እንደሚቻል ነው።

እጮቹ ከሳፋው እየወጡ ይሸሻሉ፤ ሳፋውም ይከረፋል

ከሁሉ አስቀድሞ የሚሸሹትን እጮች ቀለም መመልከት ያስፈልጋል። ጠቆር ብለው ቆዳቸው የጠነከረ ከሆነ ዕድገታቸውን ጨርሰው ሙሽሬ (ዝንብ ከመሆናቸው በፊት ያለው ደረጃ) የሚሆኑበትን ደረቅ ቦታ እየፈለጉ ነውና ችግር የለም፤ መውጫ አዘጋጅቶ መሰብሰብ ብቻ ነው። ገና ነጣ ያሉና ለስላሳ እጮች ግድግዳውን ይዘው ከወጡ ግን ከሥር አየር አጥተዋል ማለት ነው። የዚህም ምክንያት፣ ተጠርቼ በሄድኩባቸው ቦታዎች በአብዛኛው እንዳየሁት፣ ውሃ ነው።

ውሃ የበዛበት ምግብ በራሱ ክብደት ይተኛል፤ በመካከሉ የነበረው ክፍተት በውሃ ይሞላል፤ አየር ሲጠፋም ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይራቡበትና መከርፋት ይጀምራል። ከላይ ደርቆ የሚታይ ሳፋ እንኳ በእንጨት ወደ ታች ሲገለጥ ሥሩ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ይገኛል። እጭ ደረቅና ልሙጥ የሆነ ቀጥ ያለ የፕላስቲክ ግድግዳ መውጣት አይችልም፤ ሰውነቱና ግድግዳው ሲረጥቡ ግን ስሱ የውሃ ሽፋን አጣብቆ ይይዘውና እስከ ጠርዙ ድረስ ይወጣል። ስለዚህ እርጥበቱ እጩን እንዲሸሽ ያስገድደዋል፣ መውጫ መንገዱንም ያዘጋጅለታል።

በአካባቢያችን ይህ ጥፋት የሚመጣው ከአተላ ነው። በገናና በፋሲካ ሰሞን ጠላ በየቤቱ ስለሚጠመቅ አተላው ይበዛል፤ መጣሉም ያሳዝናል፤ ስለዚህ ሰዉ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ሳፋው ላይ ይገለብጠዋል። ጠላ ጠምቀው የሚሸጡ አንዲት እናት ከገና ማግስት ባልዲ ሙሉ አተላ እንዳለ ማታ አፍስሰው ቢተኙ፣ ጠዋት እጮቹ የቤቱን ግድግዳ ለብሰው፣ ዶሮዎቹም ሲለቅሟቸው አገኙ፤ ከሥር የቀሩት ሞተው ተንሳፍፈዋል። መድኃኒቱ አንድ ጆንያ ብቻ ነበር። አተላውን በጆንያ አድርገው ማታ ሰቅለው ያሳድሩታል፣ ጠዋት ይጨምቁታል፣ ከዚያ ፉርሽካ ይቀላቅሉበታል። ከዚያ በኋላ ከእርሳቸው ቤት ስለ ሽሽት ሰምቼ አላውቅም።

ከደብረ ብርሃን ቢራ ፋብሪካዎች የሚመጣው ተረፈ ብቅልም እንዲሁ ነው። ምግብነቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ እርጥብ እንደሆነ በከረጢት ታፍኖ በጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ቆላ ሲደርስ መሞቅና መኮምጠጥ ይጀምራል። በደረሰበት ቀን ዘርግቶ ማናፈስ ግዴታ ነው። ከረጢቱን እንደታሰረ ጥግ አስቀምጦ በሳምንቱ የሚፈታ ሰው መኖ ሳይሆን ብስባሽ ነው የሚያገኘው።

በማንጎ ወራት ደግሞ ማኅበር መሥርተው የሚሠሩ ወጣቶች ያጋጠማቸው አለ። የበሰበሰ ማንጎ እስከ ክንድ ከፍታ ከምረው እጩ በሞተ ቁጥር «እንቁላሉ ነው ያልሆነው» እያሉ ሌላ እንቁላል ይገዙ ነበር። ሳፋቸውን አዘንብዬ ባየው ከሥሩ የማንጎ ጭማቂ ተጠራቅሟል፤ አንዲት ቀዳዳ እንኳ አልተበሳለትም። ገበያ ላይ የሚሸጠው ስስ ሳፋ በጋለ ምስማር ሲበሳ ስለሚሰነጠቅ ፈርተው ትተውታል። ፍርሃታቸው እውነት ነው፤ እንዲህ ያለውን ሳፋ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ወፍራም ጄሪካን ለሁለት ተሰንጥቆ ቢበሳ የተሻለ ያገለግላል።

ልኩን ለማወቅ የሚበጀው መሣሪያ እጅ ነው። ከመኖው አንድ እፍኝ አንሥተው አጥብቀው ይጭመቁት፦ በጣቶችዎ መካከል አንድ ሁለት ጠብታ ብቅ ቢል ልክ ነው፤ ውሃው ወርዶ ክንድዎን ካራሰው በዝቷል፤ መዳፍዎን ሲከፍቱ ከተበተነ ደግሞ ደርቋል። ይህ ከ60 እስከ 70 በመቶ ከሚሆነው ተስማሚ እርጥበት ጋር ይቀራረባል። ከፍታው ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር ይሁን፤ አዲስ መኖ የሚጨመረውም የትናንቱ ተበልቶ ሲያልቅ ብቻ ነው።

አስቀድሞ የረጠበውን ለማዳን እጮቹን ከነመኖው ወደ አንድ ወገን ገፍተው በባዶው በኩል የጤፍ ጭድና ፉርሽካ ያንጥፉ፤ እጮቹ ራሳቸው ወደ ደረቁ ይሻገራሉ። ጥቁሩን ጭቃ አውጥተው ይጣሉት። አመድ ነስንሶ ለማድረቅ መሞከር የተለመደ ነው፤ አያድርጉት፤ አመድ ብዙ ሲሆን እጩን ይጎዳል። ጭቃውን ወደ ኩሬው መድፋትም ፈጽሞ አይገባም፤ በኩሬው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳልና። የሳፋውን ግድግዳም በደረቅ ጨርቅ መወልወል አይዘንጉ፤ ይህን የሚያደርግ ጥቂት ነው።

እጮቹ አሉ፣ ግን አያድጉም

ቅዝቃዜ ነው። እጩ በደንብ የሚያድገው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በደብረ ብርሃንና በዙሪያው፣ በተለይ ውርጭ በሚወርድበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ሳፋውን ከምድጃ አጠገብ ካላኖሩት ሥራው አይሄድም። ቆሮሶ ራሱም በዚያ ብርድ መኖ ስለማይበላ ደጋ ላይ ለቆሮሶ ብሎ እጭ ማርባት ትርጉሙ አይታየኝም።

ባንድ ሌሊት በጅምላ ይሞታሉ

ሁለት መንስኤዎች አሉት። የመጀመሪያው ሙቀት ነው፤ የተከመሩ እጮች ራሳቸው ሙቀት ስለሚያመነጩ በግንቦትና በሰኔ ቆላ ላይ የሳፋው መሐል 40 ዲግሪ ያልፋል። ማሳሳት፣ ለሁለት መክፈል ይገባል።

ሁለተኛው መርዝ ነው፤ ሸዋ ሮቢት አካባቢ የምፈራውም ይህን ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም በተባይ መድኃኒት ተደጋግሞ ይረጫል፤ ከማሳ ዳር የተጣለውን ቅጠልና ገበያ ያልፈለገውን ፍሬ ሰብስቦ እጭ ላይ የሚያፈስ ሰው ነፍሳት እንዲገድል የተሠራውን መድኃኒት ለነፍሳት እያበላ ነው። የረጨው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደረጨ ባለማሳውን ሳይጠይቁ አንዲት ቅጠል አይውሰዱ። ጠይቀውም ቢሆን ጥቂት እጮችን በትንሽ ሳህን ለይተው ከአዲሱ መኖ እየሰጡ አንድ ቀን ይጠብቁ። የሞቱትን እጮች ለዓሣ አይስጡ፤ ለዶሮም አይስጡ፤ ቀብረው ይሸፍኗቸው። «ሞተውም ቢሆን ፕሮቲን ናቸው» የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ መርዙ ከእጩ ወደ ዓሣው፣ ከዓሣውም ወደ ልጆች ሳህን ሊሄድ እንደሚችል ማሰብ ይገባው ነበር።

ዝንቦቹ አሉ፣ እንቁላል ግን የለም

የሚገናኙት በፀሐይ ብርሃን ስለሆነ ዝንቦቹ የሚኖሩበትን አጎበር የጠዋት ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታ ይትከሉት። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ሲከብድ እንቁላሉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከሰኔ በፊት ብዙ እጭ ማቆየት ያስፈልጋል። እንቁላል የሚጥሉት ስንጥቅ ውስጥ በመሆኑ የተጠቀለለ ሽንሽን ካርቶን ከሚሸት መኖ በላይ ያንጠልጥሉ፤ ካርቶኑ ራሱ አይራስ።

በሳፋው ውስጥ ያለው ቀጭን፣ ፈጣንና አንድ ጫፉ የሾለ ነጭ እጭ ከሆነ የቤት ዝንብ ነው፤ ሥጋና ወጥ መጣልዎን ያቁሙ። ጉንዳን ከመጣ የመደርደሪያውን እግሮች ውሃ በያዙ ጣሳዎች ውስጥ ማቆም በቂ ነው።

ዓሦቹ ንጋት ላይ አፋቸውን ከውሃው በላይ ያወጣሉ

እጩ ጥሩ ነበር፤ አሰጣጡ ነው የከፋው። ያልተበላ እጭ በኩሬው ሥር ይበሰብሳል፤ ቅባቱም ላይ ላዩን ይንሳፈፋል፤ ኦክስጅን ደግሞ በሌሊት እየቀነሰ ሄዶ ንጋት ላይ ከሁሉም ጊዜ ያንሳል። በዚያ ቀን ምንም አይስጡ፤ ንጹሕ ውሃ ከላይ እያፏፏቱ ያስገቡ። ከዚያ በኋላ እጩን አንድ ቀን ያለ ምግብ አቆይተው፣ አጥበው፣ በፈላ ውሃ ነክረውና ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ ከፉርሽካና ከኑግ ፋጉሎ ጋር ይፍጩት፤ እኔ እጩን ከመኖው ግማሽ በላይ አላደርግም። ረፋድ ላይ ይስጡ፤ በጥቂት ደቂቃ ተበልቶ የማያልቅ ከሆነ በማግስቱ ይቀንሱ።