ካምቢዮ ስትፈቱ የቀደመውን ጥገናም መርምሩ

የአሮጌ መኪና ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ለምታወርዱ ሁሉ፦ አዲሱን ዕቃ ለመግጠም ከመቸኮላችሁ በፊት፣ ከእናንተ ቀድሞ የከፈተው ሰው ምን እንዳደረገ እዩ። በቅርቡ አንድ አውቶማቲክ ካምቢዮ ስከፍት በጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ በመጋጠሚያው መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ፋንታ ሲሊኮን ተለድፎበት አገኘሁ። ወደ ውስጥ የተረፈው ሲሊኮን እየተቆረሰ የዘይት ማጣሪያውን ወንፊት ግማሽ በግማሽ ደፍኖታል። "አልቆለታል" የተባለው ካምቢዮ ለካ ዘይት አጥሮት ነው! በጣም ያሳዝናል።

ብሎኖቹንም አንድ በአንድ በእጃችሁ ሞክሩ። ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ በግድ ከጠበቀ የአሉሚኒየሙን ቤት ሊሰነጥቀው ይችላል። ያለ ማቋረጥ የሚዞር፣ የማይጠብቅ ብሎን ካለ ጥርሱ ተበልቷል ማለት ነው። እባካችሁ በሙጫ አትሸፋፍኑት፤ ቀዳዳው እንደገና ጥርስ ይውጣለት። እኔ ብሎን በፈታሁ ቁጥር ካርቶን ላይ የካምቢዮውን ቅርጽ ስዬ በየቦታው እሰካዋለሁ።

ፎቶ ማንሳት ጥሩ ነው፣ ግን የተሳሳተ አገጣጠምን ፎቶ አንስቶ መልሶ እንዲያው መግጠምም አለ። ስለዚህ ከመኪናው የጥገና መጽሐፍ ጋር አስተያዩት። ካምቢዮው ማኑዋል (በእጅ የሚቀየር) ከሆነ ደግሞ የዘይቱን ዓይነት አረጋግጡ፤ ጂኤል-4 የተባለውን የማርሽ ዘይት ደረጃ ለሚፈልግ ካምቢዮ ጂኤል-5 ከተሞላ ማርሽ ሲቀየር ፍጥነት የሚያመሳስሉትን የናስ ቀለበቶች ሊጎዳ ይችላል።