ማተብዎን ከመፍታትዎ በፊት

በሰሜን ሸዋ፣ መንዝም ሆነ ተጉለት፣ የኦርቶዶክስ ሃይማኖቱን የተወ ሰው ከዘመድ የሚቆራረጠው በአወጣጡ ነው። ሸዋ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የሦስት ልደትን (ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚለውን) ትምህርት እንዲተው በአዋጅ ታዝዞ ነበር። ዛሬ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 መሠረት ማንም በእምነቱ አይገደድም፤ ለመውጣት የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም። ዕዳዎን ግን አወራርደው ይውጡ።

ማተቡን መጀመሪያ አይፍቱ። እናት ቶሎ የምታየው አንገትን ነው፤ ቃል ሳይነገር ባዶ አንገት ከታየ ሰው «ማተብ የለሽ» ይላል፤ ትርጉሙም ቃል አባይ ነው። ለወላጆችዎ ለብቻቸው፣ በዓል ወይም ልቅሶ ባልሆነ ቀን ይንገሩ። ለንስሐ አባትዎ ከዚያ በኋላ ይንገሩ። ብዙ ጊዜ ቤተሰቡን በሙሉ የሚይዙት እሳቸው ስለሆኑ፣ ቀድመው ከሰሙ ወላጆችዎ ከእርስዎ አፍ ሳይሰሙ ይቀራሉ።

ከሁሉ የሚያጣላው የጽዋ ማኅበር ነው። የሚካኤል ማኅበር 12 አባላት ካሉት፣ ወር በገባ በ12 አንዱ እየደገሰ ለእያንዳንዱ በዓመት አንዴ ይደርሰዋል። የ11ዱን ጠላ ጠጥቶ የራሱን ሳያወጣ የቀረ በዕዳው ይነቀፋል፤ ሲነቀፍም ተገቢ ነው። ተራዎን አውጥተው ጽዋውን ለባለ ተራው ካስረከቡ በኋላ ለማኅበሩ መሪ ለሙሴው ይንገሩ። ያላመኑበትን መደገስ ከከበደዎ ወጪውን በገንዘብ ወይም በእህል ይስጡ። ቦታውን እኅት ወይም ወንድም ቢይዘውም ጥሩ ነው፤ ማኅበር ድሮም ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል። ሰንበቴም እንዲሁ ነው።

ለማስመሰል አይቁረቡ፤ ክርስትናም አያንሱ። ክርስትና የሚያነሳ ሰው ልጁን በሃይማኖቱ ለማሳደግ ቃል ይገባልና፣ ሲጠየቁ በጊዜ «አልችልም» ይበሉ። በወላጅ ቤት ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናትም፣ የጾሙን ድስት በፍስክ አይንኩ።

ከእድር ግን አይውጡ፤ መዋጮዎን ሳያቋርጡ ደንቡን ያንብቡ። በቤተ ክርስቲያን ግቢ መቀበር በእድር መዋጮ አይገኝም፤ ጉዳዩ የሰበካ ጉባኤው ነው። ስለዚህ የት መቀበር እንደሚፈልጉ ጽፈው ለቅርብ ዘመድ ይስጡ፤ ሌላ የመቃብር ቦታ መኖሩን ከቀበሌው አስቀድመው ያጣሩ። አለዚያ ሬሳዎ ቤት ተቀምጦ ዘመድ ይጨቃጨቃል።

የጎረቤት ቀብር ሲኖር ፍትሐቱ እስኪያልቅ ከደጅ ይቁሙ። ከዚያ ቃሬዛውን ይሸከሙ፣ አፈር ያልብሱ፣ ለሠልስቱም ይድረሱ።