ማስታወሻን በራስ ሰርቨር ሲንክ ማድረግ፦ መብራትና ኔትወርክ ቢቆራረጥም የሚሠራ መንገድ

ባሕር ዳር ሆኖ በስልክም በላፕቶፕም ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ጋ የጻፈው ሌላው ላይ እንዲገኝ (ሲንክ የሚባለው ይህ ነው)፣ ኔትወርክ ሲጠፋም ሥራው እንዳይቆም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ለወራት ሲቆይ፣ በሞባይል ዳታ ብቻ ለሚሠራ ሰው ኢንተርኔት ላይ ብቻ የተቀመጠ ማስታወሻ ከእጁ የወጣ ንብረት ነበር። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን የምንመክረው ሙሉው ማስታወሻ በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ እንዲቀመጥ፣ ሰርቨሩም (ፋይሎቹን ይዞ ለሌሎቹ መሣሪያዎች የሚያደርሰው ማሽን) የቤታችሁ አሮጌ ላፕቶፕ እንዲሆን ነው።

ለመጻፊያ ኦብሲዲያንን፣ ለማመሳሰያ ሲንክቲንግን እንጠቀማለን። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ኦብሲዲያን እያንዳንዱን ማስታወሻ ተራ የጽሑፍ ፋይል አድርጎ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ ፕሮግራሙ ነገ ቢጠፋ ፋይሉን ማንኛውም የጽሑፍ መክፈቻ ያነበዋል። ሲንክቲንግ ደግሞ ያንን ፎልደር በመሣሪያዎቻችሁ መካከል አንድ ዓይነት አድርጎ ይጠብቃል።

ዌብ ላይ የሚሠራ የማስታወሻ ሰርቨር መትከልም ይቻላል፤ ግን ከቤት ውጭ ሆኖ ለመግባት የራስ የሆነ የኢንተርኔት አድራሻ ይፈልጋል። የቤትና የሞባይል መስመር ብዙ ጊዜ አድራሻውን ከሌሎች ደንበኞች ጋር ስለሚጋራ ከውጭ የሚመጣ ጥሪ ቤታችሁ አይደርስም። ሲንክቲንግ በዚህ አይቸገርም። በአንድ ዋይፋይ ላይ ያሉ መሣሪያዎች ያለ ኢንተርኔት በቀጥታ ይገናኛሉ፤ ተራርቀው ቀጥታ መንገድ ካጡ ደግሞ በአሸጋጋሪ ሰርቨር በኩል ይላላካሉ። የሚተላለፈው የተመሰጠረ በመሆኑ አሸጋጋሪው ሊያነበው አይችልም።

ላፕቶፑን ማዘጋጀት

4 ጊጋባይት ራም ያለው ባለ 64 ቢት አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። ስክሪኑ ቢሰበር እንኳ ችግር የለም፤ ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ሌላ ስክሪን ተውሳችሁ ሰክታችሁ ትሠራላችሁ። ላፕቶፕን ከዴስክቶፕና ራስቤሪ ፓይ ከሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር የምናስቀድመው ባትሪ ስላለው ነው። መብራት እልም ሲል እየተጻፈበት ያለ ዲስክ ወይም ሚሞሪ ካርድ ሊበላሽ ይችላል፤ አንድ ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ግን ብዙውን መቆራረጥ ያሳልፋል። ስክሪኑ ጠፍቶ ሲቀመጥ ከ10 እስከ 20 ዋት ገደማ ነው የሚወስደው፤ 15 ዋት ብለን ብንይዝ በወር ወደ 11 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል።

በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ነፃ ሲስተም፣ ሊነክስ ሚንትን፣ ጫኑበት። ከዚያ ፓወር ማኔጅመንት ውስጥ ገብታችሁ ክዳኑ ሲዘጋ ምንም እንዳያደርግ፣ ሥራ ሲፈታም እንዳይተኛ አድርጉ፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ግን በሥርዓት ይዘጋ። መብራት ጠፍቶ ረጅም ሰዓት ከቆየና ላፕቶፑም ከጠፋ፣ ብዙዎቹ ላፕቶፖች መብራት ሲመጣ በራሳቸው አይነሡም። ቤት ላለ ሰው ማብሪያውን አሳዩት።

ማሽኑን ንፋስ የሚያገኝበት ጠንካራ ነገር ላይ አስቀምጡ እንጂ ፍራሽ ወይም ምንጣፍ ላይ አይሁን። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ሁልጊዜ ቻርጀር ላይ ያለ ባትሪ ሊያብጥ ይችላል። የላፕቶፑ ሆድ ከፍ ካለ ወይም ታችፓዱ ከተነሣ ሳትውሉ ሳታድሩ ባትሪውን አስወጡት። ማሽኑ ቻርጅን 80 በመቶ ላይ የማቆም ምርጫ ካለው ተጠቀሙበት።

ሲንክቲንግን ከሚንት ሶፍትዌር ማኔጀር ጫኑ። ስታርትአፕ አፕሊኬሽንስ ውስጥ ስታርት ሲንክቲንግ የሚለውን ጨምሩ፣ ሎግኢን ዊንዶው ውስጥም አውቶማቲክ ሎግኢን አብሩ፤ አለበለዚያ ላፕቶፑ ተነሥቶ ፓስወርድ እየጠበቀ ይቀመጣል፣ ሲንኩም አይጀምርም። መቆጣጠሪያው በብሮውዘር 127.0.0.1:8384 ላይ ይከፈታል። መጀመሪያ ሴቲንግስ ገብታችሁ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ስጡት። ፋየርዎል አብርታችሁ ከሆነ ፖርት 22000ን ለቲሲፒና ለዩዲፒ፣ ፖርት 21027ን ለዩዲፒ ክፈቱ።

ስልኩን ማገናኘት

ዋናው የአንድሮይድ ሲንክቲንግ በ2024 መጨረሻ ቆሟል፤ የምትጭኑት ሲንክቲንግ ፎርክ የሚባለውን ነው። ላፕቶፑ ላይ አክሽንስ፣ ከዚያ ሾው አይዲ ስትሉ ኪውአር ኮድ ይወጣል፤ በስልኩ ስካን አድርጉት። ላፕቶፑ ላይ የስልኩን ጥያቄ ተቀበሉ፣ የማስታወሻውን ፎልደር ፈጥራችሁም ለስልኩ አጋሩ። ስልኩ ላይ ፎልደሩን ስትቀበሉ ቦታው የስልኩ የራሱ ሚሞሪ ይሁን። አንድሮይድ በተጨማሪ ሚሞሪ ካርድ ላይ መጻፍን ስለሚገድብ፣ እዚያ የተቀመጠ ፎልደር ይልካል እንጂ አይቀበልም። ከዚያ ኦብሲዲያንን ጭናችሁ አዲስ ቮልት (ኦብሲዲያን የማስታወሻ ፎልደርን የሚጠራበት ስም) ከመፍጠር ይልቅ ይህንኑ ፎልደር ክፈቱ። ሁለተኛውን ኮምፒውተርም በዚሁ መንገድ አገናኙ።

ስልክ ላይ በብዛት የሚያስቸግረው ባትሪ ቆጣቢው ነው። ሲንክቲንግ ፎርክን ከባትሪ ኦፕቲማይዜሽን አውጡት። ቴክኖና ኢንፊኒክስ ላይ ደግሞ ፎን ማስተር ውስጥ አውቶ ስታርት ካልፈቀዳችሁለት ስክሪኑ በጠፋ ቁጥር ይገደላል። አይፎን ያላቸው ሞቢየስ ሲንክ የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ አፕል ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራምን ስለሚገድብ አፑን ከፍቶ ጥቂት መጠበቅ ግድ ነው።

ፓኬጅ አያሳስባችሁ። አንድ ሺህ ቃል ያለው የአማርኛ ጽሑፍ 15 ኪሎባይት ገደማ ነው። ፓኬጅ የሚበላው ፎቶ ስለሆነ ፎቶ የምታስገቡበትን ፎልደር ለይታችሁ ዋይፋይ ላይ ብቻ እንዲላክ አድርጉ።

ሰዓት

አብዛኛው የ«ማስታወሻዬ ጠፋ» አቤቱታ መነሻው እዚህ ነው። ሁለት መሣሪያዎች ሳይገናኙ ያንኑ ማስታወሻ ካረሙ፣ ሲንክቲንግ የተጻፈበትን ሰዓት አወዳድሮ ኋላ የተጻፈውን በዋናው ስም ይይዛል፤ የቀደመውን sync-conflict (ሲንክ ኮንፍሊክት፣ የሲንክ ግጭት) የሚል ስም ለጥፎበት ጎን ያስቀምጠዋል። አሁን ስልኩ በኢትዮጵያ ሰዓት እንዲያሳይ ብላችሁ በእጅ 6 ሰዓት ወደ ኋላ መልሳችሁታል እንበል። ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ስልኩ ላይ 4 ሰዓት ላይ ጻፋችሁ። ሲገናኙ የስልኩ ጽሑፍ ሌሊት የተጻፈ ይመስላል፤ አዲሱ ጎን ይጣልና አሮጌው ዋና ይሆናል። ስለዚህ በሁሉም መሣሪያ የሰዓት ቀጠናው አዲስ አበባ፣ ሰዓቱም አውቶማቲክ ይሁን፤ የኢትዮጵያን ሰዓትና ቀን ለማየት የሚያሳይ አፕ ጫኑ እንጂ የስልኩን ሰዓት አትንኩ። ዓመተ ምሕረቱን በኛ አቆጣጠር መሙላትም ያው ነው፤ ድረ ገጾችም የደኅንነት ስህተት እያሉ አይከፈቱም።

አሮጌ ላፕቶፕ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ አልቋል። ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የሚባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ነው። ለውጡት፤ ኢንተርኔት በሌለበት ቀን ሰዓቱን የሚያርምለት የለም።

የፋይል ስም በአማርኛ

ኦብሲዲያን ርዕሱን የፋይል ስም ያደርገዋል። ሊነክስና አንድሮይድ ላይ የፋይል ስም ጣሪያው 255 ባይት ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ 85 ፊደል ላይ ያልቃል። ዊንዶውስ ግን የሚቆጥረው በፊደል ነው። ዊንዶውስ ላይ 100 ፊደል ያለው ርዕስ ይቀበላል፣ ላፕቶፑ ላይ ግን ያ አንድ ፋይል ሳይገባ ይቀራል፤ ሲንክቲንግም «አውት ኦፍ ሲንክ» እንዳለ ይቆማል። ኮንፍሊክት ሲፈጠር ስሙ ላይ 38 ባይት ስለሚጨመር ርዕሳችሁ ከ60 ፊደል ባያልፍ ይሻላል። ርዕስ ውስጥ / : ? * አታስገቡ። «።» እና «፡» ችግር የለባቸውም። ቀኑን 12/5/2017 ከማለት 2017-05-12 ብትሉት በቅደም ተከተልም ይሰለፍላችኋል።

ሞክሼ ፊደላትንም ልብ በሉ። «ባሕር ዳር» ብላችሁ ስትፈልጉ «ባህር ዳር» ተብሎ የተጻፈው አይወጣም። አንዱን አጻጻፍ ምረጡና ጽኑበት።

ግጭት የሚቀንስበት

ኦብሲዲያን የትኛው መስኮት እንደተከፈተ የሚመዘግብበት ወርክስፔስ የሚባል ፋይል አለው፤ በየደቂቃው ስለሚለወጥ በመሣሪያዎች መካከል ሳያቋርጥ ይጋጫል። በስውሩ የኦብሲዲያን ፎልደር ውስጥ ስለሆነ .obsidian/workspace.json፣ ለስልኩም .obsidian/workspace-mobile.json ብላችሁ በየመስመሩ ሲንክቲንግ ላይ ኢግኖር ፓተርንስ (ሲንክ የማይደረጉ ፋይሎች ዝርዝር) ውስጥ ጻፉ። ይህ ዝርዝር ራሱ ሲንክ ስለማይደረግ በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ ለየብቻ ይሞላል። ያንኑ ፎልደር ጎግል ድራይቭ ወይም ዋንድራይቭ ውስጥ ፈጽሞ አትክተቱ፤ ሁለት አመሳሳዮች አንድ ፋይል ላይ ሲሻሙ ቅጂ ይረባል። በሳምንት አንዴ ኦብሲዲያን ላይ sync-conflict የሚለውን ፈልጉ፣ የቀረውን ወደ ዋናው ገልብጡ፣ ትርፉን አጥፉ።

ራውተሩ ሲሞት

ላፕቶፑ በባትሪ ቢቆይም ራውተሩ ከመብራት ጋር ይሄዳል። ብዙ ራውተር በ12 ቮልት ስለሚሠራ ለእሱ የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ማግኘት ይቻላል፤ ከመግዛታችሁ በፊት የአዳፕተሩን ቮልትና አምፔር አንብቡ። ከሌለ የስልካችሁን ሆትስፖት አብሩና ላፕቶፑን ከእሱ ጋር አገናኙ። ቀኑን ሙሉ ዘጌ ውላ የገዳማቱን ታሪክ በስልኳ የመዘገበች አስጎብኚም፣ የእምቦጭን መስፋፋት በጀልባ እየዞረ የመዘገበ ባለሙያም በዚህ መንገድ ያለ አንድ ሜጋባይት ፓኬጅ ሥራቸውን ወደ ላፕቶፕ ያወርዳሉ። ላፕቶፑ በዚያው ኢንተርኔት እንዳይስብ የሞባይል ዳታውን አጥፉ። ሲንክቲንግ ፎርክ «ዋይፋይ ላይ ብቻ» ተብሎ ከተዘጋጀ ሆትስፖት የሚሰጥ ስልክ ላይ አይነሣም፤ ፎርስ ስታርት በሉት።

የተሰረዘን መመለስ

ሲንክ መጠባበቂያ አይደለም። ስልኩ ላይ የጠፋው ማስታወሻ በሰከንዶች ውስጥ ከሁሉም ይጠፋል። ላፕቶፑ ላይ ፎልደሩን ኤዲት ብላችሁ ፋይል ቨርዥኒንግ ውስጥ ስታገርድን ምረጡ። የመጀመሪያውን ሰዓት በየ30 ሰከንዱ፣ የመጀመሪያውን ቀን በየሰዓቱ፣ የመጀመሪያውን 30 ቀን በየቀኑ፣ ከዚያ በየሳምንቱ አንድ ቅጂ ይይዛል፤ ካልቀየራችሁት እስከ 365 ቀን ያቆያል። የሚይዘው ግን ከሌላ መሣሪያ የመጣን ለውጥ ብቻ ነው። ሰርቨር በሆነው ላፕቶፕ ላይ ራሱ አትጻፉበት የምንለው ለዚህ ነው፤ እዚያው የታረመና የተሰረዘ አሮጌ ቅጂ አይኖረውም።

ፍላሽ ላይም በየሳምንቱ ፎልደሩን ገልብጡ፤ ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ንቀሉት፣ ከላፕቶፑ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥም አታኑሩት። አንድ የሙከራ ማስታወሻ ጽፋችሁ ሲንክ እስኪሆን ጠብቁ፣ ስልኩ ላይ አጥፉት፣ ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ቨርዥንስ የሚለውን ከፍታችሁ መልሱት። ይህን ሳታደርጉ እውነተኛ ማስታወሻችሁን አታስገቡ።