የደንገጎን ዳገት ሳታስወጣት መኪናዋን አትግዛት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ታጥባ የቆመች መኪና ሁሉ ጥሩ መኪና ትመስላለች። ድሬ ሜዳ ናት፣ ሞተሩ ብዙም ሳይለፋ ይሄዳል፣ ስለዚህ ሻጩ ከተማ ውስጥ ሁለት ዙር ቢያዞርህ ምንም አላየህም። ደላላው ደግሞ "አቦ፣ ሴት ናት የነዳቻት፣ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት!" ይልሃል። ሴትየዋን በዓይኑ ያየ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ዋጋው ቀልድ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እዚሁ ያለው ነው እየተገላበጠ የሚሸጠው፣ አሮጌ ናት ብሎ በርካሽ የሚለቅልህ የለም። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ሂድ። አንዴ በማለዳ፣ አንዴ በጠራራ ፀሐይ።

በማለዳ የምትሄደው ሞተሩን ቀዝቃዛ እንዳለ ለማግኘት ነው። የታመመ ሞተር ሕመሙን የሚናገረው መጀመሪያ ሲነሳ ነው፣ ሻጭም ይህን ስለሚያውቅ አንተ ከመድረስህ በፊት አሙቆ ይጠብቅሃል። ኮፈኑን ነክቼ አውቃለሁ አትበል። ድሬ ላይ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ የመታው ኮፈን ሞተሩ ሳምንት ባይነሳም እጅህን ያቃጥልሃል። 12 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ድረስ፣ "እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳት" ብለህ ማታውኑ ንገረው።

ከማስነሳትህ በፊት የራዲያተሩን ክዳን ክፈት (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፣ ሲሞቅ ከከፈትከው ፊትህን ይቀቅልሃል)። የድሬ ውሃ ኖራው ብዙ ነው፣ ካላመንክ የቤትህን ማንቆርቆሪያ ከውስጥ እየው። ዓመታት ሙሉ የቧንቧ ውሃ ሲጨመርበት የኖረ ራዲያተርም ውስጡ እንደዚያው ነው፤ ቀጫጭን ቱቦዎቹ በኖራ ይጠባሉ፣ ሜዳ ላይ ምንም አይልህም፣ ዳገት ላይ ግን ይፈላል። አንገቱ ላይ ነጭ ቅርፊት ወይም የዛገ ቡናማ ውሃ ካየህ ዋጋውን ከወዲሁ በሐሳብህ ቀንስ። ቀለም ያለው ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ካገኘህ ባለቤቱ ለመኪናው የሚያስብ ሰው ነው። ቀጥለህ የዘይት መክፈቻውን ገልብጠህ እይ። ከሥሩ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ከተለጠፈበት ውሃና ዘይት ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል፣ የቴስታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ) ሄዶ ሊሆን ይችላልና ሌላ መኪና ፈልግ።

አሁን አስነሳት። አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ጭሱን ይይልህ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ትበላለች። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶባታል፣ ይሄኛው ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ሞተሩ ሞቆም የማያቆም ነጭ ጭስ ካለ ግን ውሃ እየተቃጠለ ነው።

ቪትዝ ከሆነች እዚህ ላይ ቆም በል። ቪትዝ ቶዮታ ለጃፓን ገበያ ያወጣው ስም ነው፣ ጃፓን ደግሞ መሪ በስተቀኝ ነው። ለውጭ የተላከችው እህቷ በአብዛኛው ያሪስ ትባላለች። እኛ ሁለቱንም ቪትዝ እንላለን፣ እሱስ ግድ የለም። ግን ለጃፓን የተሠራችው መሪዋ በግራ ሆኖ ካገኘኸው አንድ ሰው አዛውሮታል። ሻንሲ ቁጥሯን (የመኪናዋን መለያ ቁጥር) እይ፦ 17 ፊደልና ቁጥር ከሆነ ለውጭ የተሠራች ናት፣ ኤስሲፒ10 ወይም ኤንሲፒ10 ብሎ ጀምሮ ሰረዝ ያለበት አጭር ቁጥር ከሆነ ግን የጃፓኗ ናት። ዝናብ መጥረጊያውንም አሠራው። መሪው ተዛውሮ መጥረጊያው ካልተዛወረ በሾፌሩ በኩል የመስታወቱ ጥግ ሳይጠረግ ይቀራል። ከዳሽቦርዱ ሥር ጎንበስ ብለህ በስልክህ መብራት እይ፣ በቴፕ የተቀጠለ ሽቦ፣ የተበየደ ብረት፣ ተደፍኖ የቀረ ቀዳዳ አለ? የተዛወረ ሁሉ መጥፎ አይደለም፣ በደንብ የተሠራም አለ። ግን የመሪና የፍሬን ነገር ስለሆነ የምታምነው ሜካኒክ ከሥር ሳያያት ብር አታውጣ።

ቦዲውን ለማየት ከፍሪጅህ ላይ አንድ ማግኔት ንቀልና በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ በሮቹና ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ) ላይ አስኪደው። የማይዝበት ቦታ ላይ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ (የተጎዳ ቦዲ መሙያ) ነው ያለው። ጅቡቲ የኖረች መኪና ከሆነች የባሕሩ ጨው የሚበላት ከታች ነው፣ ስለዚህ ከላይ ያለው ቀለም አያታልልህ። ጎማው ጎን ላይ 4 አሃዝ ፈልግ፤ 3218 ካለ በ2018 እ.ኤ.አ. በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም የድሬ ፀሐይ ጎማን ያደርቃል፣ ጎኑ ላይ የተሰነጣጠቀ መስመር ካለ የ4 ጎማ ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስ። ምንጣፉንም አንሳ። ከሥሩ ደለል ካገኘህ ጎርፍ ያያት መኪና ናት፣ የድሬን ደቻቱ ወንዝ ለምናውቅ ሰዎች ይሄ አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው። በ8 ሰዓት ገደማ፣ ኤሲ ከፍተህ፣ ሦስት ሰው ጭነህ በሐረር መንገድ ደንገጎን ውጣ። ነዳጁን አንተ ቻል፣ ሻጩ ለማኩረፍ ምክንያት እንዳያገኝ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ፣ ደንገጎ ላይ ይህን ሁሉ ከፍታ በጠመዝማዛ መንገድ በአንድ ትንፋሽ ነው የምትወጣው። ትንሽ ጉልበት ቢያንሳት አየሩ ስለሚሳሳ ነው፣ አትደንግጥ። ዓይንህ የሙቀት መርፌው ላይ ይሁን። መርፌው ከመሐል አልፎ መውጣት ከጀመረ፣ ወይም ሻጩ "ኤሲውን አጥፋው እስቲ" ካለህ መልሱን አገኘህ። ማንዋል ከሆነች በ3ኛ ማርሽ እየወጣህ ቤንዚን ረገጥ አድርግ። ሞተሩ ጮሆ ፍጥነቷ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ላይ ስትደርስ ጥግ ይዘህ አቁም፣ ሞተሩን ግን አታጥፋ። ፋኑ ሲነሳና ሲያርፍ መስማት አለብህ።

መውረጃው ደግሞ ሌላ ምርመራ ነው። በማርሽ ይዘሃት ውረድ፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ እግርህን ከቤንዚኑ አንሳ፣ ከዚያ ሜዳ ስታገኝ ድንገት ርገጥና በስፖኪዮ ወደ ኋላ እይ። አንዴ ቡፍ ብሎ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ ካለ ዘይቱ በቫልቮቹ በኩል እየገባ ነው፤ ሜዳ ላይ ይሄን ብዙ ጊዜ አታየውም። ፍሬን ስትይዝ መሪው ወይም ፔዳሉ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዲስኩ ተጣሟል።

ፒክአፕ ወይም አይሱዙ ከሆነ የምትገዛው አንድ ጥያቄ ጨምር፦ ጫት ጭና ታውቃለች? ከአወዳይ የሚነሳ የጫት መኪና ከሰዓት ጋር ነው የሚሽቀዳደመው፣ ኪሎሜትሯ ትንሽ ቢሆን እንኳ የሄደችው እየተገረፈች ነው። ባሌስትራዋን (ጭነቱን የሚሸከመውን የብረት ስፕሪንግ)፣ ከኋላ ያለውን ብየዳ፣ ካምቢዮዋን በደንብ አስፈትሽ። ሻጩ "በጭራሽ" ካለህ ጭነት መጫኛዋ ጥግ ላይ የደረቀ ቅጠል ፈልግ።

ወረቀቱ አሰልቺ ነው፣ ግን ብዙ ሰው የሚበላው እዚህ ነው። ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናዋ ላይ ከታተመው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክር፣ በቁጥሩ ዙሪያ የተሞረደ ወይም የተበየደ ነገር ካለ ተወው። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንዳለባት ፋይሏ ካለበት መሥሪያ ቤት ጠይቅ። ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርልህም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው መፈረም አለባት፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ድሬዳዋ ላይም ይሠራል፣ ከ500 ብር በላይ ለሚያወጣ የጋራ ንብረት ሽያጭ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። በውክልና የሚሸጥልህ ሰው ከመጣም ወካዩን ራሱን በስልክ አግኘው።

ክፍያ በባንክ፣ ውል ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት። ሁለተኛ ቁልፍ ካላት እዚያው ተቀበል፣ "ከበርጫ በኋላ አመጣልሃለሁ" ያለ ሰው አያመጣም።