ቤት የሠራችሁት ኮክቴል ለምን እንደ ባሩ አይጥምም? ችግሩና መፍትሄው

ቤት ውስጥ ኮክቴል መሥራት የጀመረ ሰው አንድ ቀን እዚህ መድረሱ አይቀርም። አሠራሩን አንብቧል፣ የተባለውን ጠርሙስ ገዝቷል፣ መጠጡ ከበረዶ ጋር የሚነቀነቅበትን ዕቃ፣ ሼከሩንም ክንዱ እስኪዝል ነቅንቋል። ሲቀምሰው ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ "ጂኑ ነው ችግሩ" የሚል ነው። እኔም ሦስት ዓይነት ጂን ከቀያየርኩ በኋላ ነው ጥፋቱ የጠርሙሱ እንዳልሆነ የገባኝ። በረዶው ነበር። ከበረዶው የተረፈው ጥፋት ደግሞ የራሴው ነበር፣ በዓይኔ እየገመትኩ ነበር የምቀዳው። ስለዚህ ሌላ ጠርሙስ ከመግዛታችሁ በፊት ችግራችሁን ከታች ፈልጉት።

ውሃ ውሃ ይላል

ትልቁ ቅሬታ ይሄ ስለሆነ እዚህ ጋ ትንሽ እንቆያለን። መጠጡ ሲቀጥንበት ብዙ ሰው "በረዶ አብዝቼ ነው" ይልና በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት ፍሬ ብቻ ይጨምራል። ይብስበታል። መጠጡን በዋናነት የሚያቀዘቅዘው የበረዶው መቅለጥ ነው፤ አንድ ግራም በረዶ ቀልጦ ውሃ እስኪሆን የሚስበው ሙቀት ያንኑ አንድ ግራም ውሃ ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማድረስ ይበቃል። ሁለቱ ፍሬዎች ሙልጭ ብለው ይቀልጣሉ፣ መጠጡ ግን ገና ለብ እንዳለ ነው። ሼከሩ እስከ አፉ በበረዶ ሲሞላ መጠጡ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ አንዴ ከቀዘቀዘ ደግሞ በረዶው ለመቅለጥ አይቸኩልም። ብርጭቆውም ላይ ነገሩ ያው ነው፦ በበረዶ የተሞላ ብርጭቆ ሦስት ፍሬ ከሚንሳፈፍበት ይልቅ ቆይቶ ነው የሚቀጥነው።

ሁለተኛው ምክንያት እርጥብ በረዶ ነው። በረዶውን መጀመሪያ ታወጡታላችሁ፣ ከዚያ ሎሚ ስትጨምቁ፣ ብርጭቆ ስትፈልጉ፣ ስልክ ስታነሱ ላዩ ላይ ውሃ ያቁራል። ያ ውሃ እምብዛም ሳያቀዘቅዝ ነው መጠጡ ውስጥ የሚገባው። በረዶ ከፍሪዘር የሚወጣው በመጨረሻ ነው፣ ቀድሞ ከወጣም ውሃው ይንጠፍጠፍ። ትንንሽና የደቀቀ በረዶ ብዙ ውሃ ላዩ ላይ ይይዛል፤ ለመነቅነቅ ትላልቅ ኩብ ፈልጉ።

ሦስተኛው፣ ነቅንቆ መርሳት። እንግዳ በር ሲያንኳኳ ሼከሩን ቁጭ አድርጋችሁ ከሄዳችሁ በቃ አለቀ። ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ጠንከር አድርጋችሁ ነቅንቁ፣ ወዲያው አጥልሉ።

ጉሮሮ ያቃጥላል

ይሄ የላይኛው ተቃራኒ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ችግር መሆኑን እንኳ አያውቅም፣ "ጠንካራ ነው" ብሎ ይኮራበታል። ውሃ የኮክቴል ጠላት አይደለም፣ አንዱ ግብአቱ ነው። በ1806 በኒው ዮርክ ግዛት ይታተም የነበረ አንድ ጋዜጣ ኮክቴል ምን እንደሆነ ሲያብራራ የዘረዘራቸው ነገሮች አራት ናቸው፦ ጠንካራ መጠጥ፣ ስኳር፣ ውሃ፣ ቢተርስ (በጠብታ የሚጨመር የመራራ ዕፅዋት ቅምም)። ዛሬም ተማስሎ ወይም ተነቅንቆ ከሚቀርብ ኮክቴል ውስጥ ሩብ ያህሉ ከበረዶው የመጣ ውሃ ነው።

ኦልድ ፋሽንድ (ውስኪ፣ ስኳርና ቢተርስ)፣ ኔግሮኒ ወይም ማርቲኒ የሚያቃጥላችሁ ከሆነ ምናልባት አምስት ሰከንድ ብቻ አማስላችሁ ነው። ግማሽ ደቂቃ ያህል አማስሉትና ቅመሱ። ጂናችሁን ፍሪዘር ውስጥ የምታኖሩ ደግሞ ሌላ ነገር አለባችሁ፦ ጂኑ አስቀድሞ ስለቀዘቀዘ በረዶውን እምብዛም አያቀልጠውም፣ ስለዚህ የሚፈልገውን ውሃ ሳያገኝ ይቀራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩበት። ያስቃል፣ ግን ይሠራል።

ለብዙ ሰው አስቀድማችሁ በጠርሙስ ስታዘጋጁም ይሄንኑ አስቡ። ኔግሮኒ 30 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 30 ካምፓሪ የሚባለው ቀይ መራራ መጠጥና 30 ጣፋጭ ቨርሙት (በዕፅዋት የተቀመመ መጠጥ) ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው 20 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ጨምራችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ፍሪጅ ነው ያልኩት። ጂን ብቻውን የቤት ፍሪዘር ውስጥ አይረጋም፣ በውሃ የቀጠነ ድብልቅ ግን ሊረጋ ይችላል።

አንድ ቀን ይጥማል፣ በማግስቱ አይጥምም

አልለካችሁም። ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም። ባርቴንደር ከጠርሙሱ ዝም ብሎ ሲቀዳ አይታችሁ ይሆናል፣ እሱ ግን በሺህ የሚቆጠር ብርጭቆ ቀድቶ ነው እጁ መለኪያ የሆነለት። 10 ሚሊ ሊትር ሎሚ መብዛቱ ዳይኪሪ የሚባለውን የሩምና የሎሚ ኮክቴል ፊት የሚያስጨማድድ ነገር ያደርገዋል።

የኮክቴል መለኪያ ከሌላችሁ ሚሊ ሊትር የተጻፈበት የመድኃኒት መስጫ መርፌ አልባ ሲሪንጅ፣ አዲስና ንጹህ እስከሆነ ድረስ፣ ከብዙ መለኪያ ይበልጣል። ለዱቄትና ለቅመም መለኪያ የሚሸጡት ማንኪያዎችም ይሆናሉ፦ ትልቁ 15፣ ትንሹ 5 ሚሊ ሊትር ነው። የምንበላበት ማንኪያ ግን መጠኑ እንደ ሠሪው ስለሆነ አትመኑት። በትልቁ ማንኪያ ዳይኪሪ ማለት 4 ነጭ ሩም፣ 1 ተኩል ሎሚ፣ 1 ተኩል ሽሮፕ (በውሃ የሟሟ ስኳር) ነው። እሱን አንዴ በትክክል ሥሩት፤ ከዚያ በኋላ ስትቀይሩ ምን እንደቀየራችሁ ታውቃላችሁ።

"የአንድ ሎሚ ጭማቂ" የሚል አሠራር ስታገኙም ተጠራጠሩ። አንዱ ሎሚ ከሌላው እጥፍ ሊሰጥ ይችላል። ሽሮፑም እንደዚያው፦ ስኳርና ውሃ እኩል በእኩል የተሠራውና ሁለት እጅ ስኳር በአንድ እጅ ውሃ የተሠራው አንድ አይደሉም፣ የትኛው እንደተፈለገ ሳታዩ ከጨመራችሁ ሒሳቡ ይዛባል።

ኮመጠጠ፣ ጣፈጠ፣ መረረ

ከኮመጠጠ 5 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ፣ ከጣፈጠ 5 ሚሊ ሊትር ሎሚ። አጥልላችሁ ከመቅዳታችሁ በፊት ቅመሱ፣ በኋላ ማስተካከል ራስ ምታት ነው። ልብ በሉ፣ ቅዝቃዜ ጣፋጭነትን ይደብቃል፤ ሳይቀዘቅዝ የቀመሳችሁት ድብልቅ ትንሽ ጣፋጭ ሆኖ ከተሰማችሁ ምናልባት ልክ ነው።

የሎሚው ጣዕም የተቀቀለ ነገር ከመሰላችሁ ጭማቂው በጠርሙስ የተገዛ ነው ወይም ትናንት የተጨመቀ። የዕለቱን በዕለቱ ጭመቁ። እዚህ ላይ አልደራደርም።

ምሬት ሲበዛ ስኳር አይጨመርም፣ ጨው ነው። በጣት ጫፍ ቆንጥራችሁ ጥቂት ቅንጣት ጣል አድርጉ፣ ምሬቱ ይለዝባል። ኔግሮኒ ከዚህም በኋላ ከመረራችሁ ኔግሮኒ አትወዱም ማለት ነው፣ ግዴታ የለባችሁም።

ሞሂቶ ሲሆን ምሬቱ ከናናው ነው የሚመጣው። ቅጠሉን እንደ ቅመም ወቅጣችሁታል። መዓዛው ያለው ላዩ ላይ ስለሆነ ጫን ጫን ማድረግ ይበቃል።

ኦልድ ፋሽንድ ውስጥ ስኳሩ ታች ቁጭ ካለ ደግሞ ስኳር በአልኮል ውስጥ በደንብ ስለማይሟሟ ነው። ሽሮፕ ተጠቀሙ።

የቆየ ወይን ይሸታል

ቨርሙቱን የት ነው ያስቀመጣችሁት? መደርደሪያ ላይ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል። ቨርሙት ከጂንና ከውስኪ ጋር ስለሚደረደር እንደነሱ የማይበላሽ ይመስላል እንጂ ወይን ነው፣ አልኮሉ ከ15 እስከ 18 በመቶ ገደማ ነው፣ አየር ሲያገኘው ይበላሻል። እኔ አንዱን ጠርሙስ ከዓመት በላይ ከውስኪው አጠገብ አስቀምጬ "ማርቲኒ አልወድም" እያልኩ ስናገር ነበር። ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ በአንድ ወይም በሁለት ወር ይለቅ። ትንሹን ጠርሙስ ግዙ።

ማርቲኒው ደፈረሰ

ነቅንቃችሁታል። ጥቃቅን የአየር አረፋና የበረዶ ስብርባሪ ገብቶበት ነው። ሎሚ፣ እንቁላል ወይም ክሬም ካለው ይነቅነቃል፤ ጂንና ቨርሙት ብቻ ከሆነ ይማሰላል። ነቅንቄ ነው የምወደው የሚል ካለ መብቱ ነው፣ መጠጡ አልተበላሸም።

እዚህ ላይ አንድ የውሸት ችግር አለ። ኡዞ ወይም ሌላ የአኒስ መጠጥ ላይ ውሃ ሲጨመር ወተት የሚመስለው የአኒሱ ዘይት አልኮሉ ሲቀንስ መሟሟት ስለማይችል ነው። እንደዚያ መሆን ያለበት ነው። ክሬም ያለበት መጠጥ ላይ ሎሚ ጨምራችሁ ነጭ ነጭ ነገር ከቋጠረ ግን ያ ሌላ ነው፣ አሲዱ ወተቱን አርግቶታል። ድፉት።

አረፋ አልሠራ አለ

ውስኪ ሳወር ላይ የእንቁላሉን ነጭ ከበረዶው ጋር በአንዴ ጨምራችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ ያለ በረዶ 15 ሰከንድ ነቅንቁ፣ ከዚያ በረዶ ጨምራችሁ ድገሙት። ነጩ ውስጥ የአስኳል ጠብታ ወይም ሼከሩ ላይ የቅባት ርዝራዥ ካለ አረፋው ይሞታል። ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ ሊኖርበት ስለሚችል ለነፍሰ ጡር፣ ለአዛውንትና በሽታ የመከላከል አቅሙ ለደከመ ሰው አይሆንም፤ በፓስተር ዘዴ የታከመ እንቁላል ወይም የታሸገ ሽምብራ ውሃ 25 ሚሊ ሊትር ያህል ይተካዋል። ሽምብራ ሲባል ፊታችሁን አታጥቁሩ፣ ሞክሩት።

ኤስፕሬሶ ማርቲኒም አረፋ ካጣ ቡናው ቆይቶ ነው። አሁን የወጣ ኤስፕሬሶ፣ ብዙ በረዶ፣ ጠንካራ ንቅነቃ።

ሼከሩ አልከፈት አለ

ውስጥ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ብረቱም እንደዚሁ፣ ሁለቱ ተባብረው ክዳኑን ይስቡታል። ጠረጴዛ ላይ አትቀጥቅጡት። ባለ ሁለት ቁራጭ ከሆነ ሁለቱ ጣሳዎች መለያየት የሚጀምሩበትን ጎን ፈልጉና በመዳፋችሁ ተረከዝ መታ አድርጉት። ባለ ክዳኑን ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ክዳኑ ላይ ብቻ ያዙት።

ተከፍቶ የፈነዳ ከሆነስ? ሶዳ ወይም ቶኒክ ጨምራችሁ ነቅንቃችኋል። አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ጣሪያው ላይ ያለው ቢጫ ነጠብጣብ የኔ ነው። ጋዝ ያለው ነገር ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ብርጭቆው ውስጥ ነው የሚጨመረው።

ጋዙ ወዲያው ይጠፋል

ቶኒኩ ሞቅ ብሏል። ጋዝ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ነው የሚረጋጋው። ቶኒኩም ብርጭቆውም ይቀዝቅዙ፣ ብርጭቆው በበረዶ ይሞላ፣ ቶኒኩ በዝግታ ይቀዳ፣ በማንኪያ አንዴ ከታች ወደ ላይ ከፍ ይደረግና ይተው። ትልቅ ጠርሙስ ቶኒክ ከፍቶ ለነገ ማሳደር ለኔ ብክነት ነው፣ ትንንሹ ይሻላል።

በረዶው ፍሪዘር ፍሪዘር ይሸታል

በረዶ ሽታ ይስባል። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፣ ሳምንታት የቆየውን ድፉት። መሐሉ ነጭ መሆኑ ግን ውስጡ የታፈነ አየር ነው፣ ጣዕም አይቀይርም። ጥርት ያለ ከፈለጋችሁ ውሃውን ክዳን በሌለው፣ ለሽርሽር መጠጥ በሚያዝበት ዓይነት ትንሽ የማቀዝቀዣ ሳጥን አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት፤ ጎኑና ሥሩ ስለተሸፈነ ከላይ ወደ ታች ነው የሚረጋው፣ አየሩም ወደ ታች ይገፋል። ሥሩ ሳይረጋ በፊት አውጥታችሁ የላዩን ቁረጡ።

አልኮል የሌለበት ስሠራ ጭማቂ ሆኖ ይቀራል

ንክሻ ጎድሎት ነው። አልኮሉ ሲወጣ የሚያቃጥለውና ምላስ የሚያደርቀው ነገር አብሮ ይወጣል፣ ቀሪው ሎሚና ስኳር ነው። ንክሻውን ከዝንጅብል፣ ድርቀቱን ከወፍራም ቀዝቃዛ ሻይ፣ ስለቱን ከጥቂት ጠብታ ኮምጣጤ አምጡት። ስኳሩን ደግሞ ቀንሱ። ቢተርስ ጠብ አደርጋለሁ ካላችሁ፣ የታወቁት ቢተርሶች 45 በመቶ ገደማ አልኮል አላቸው። ጠብታው ትንሽ ነው፣ ግን ጨርሶ ለማይጠጣ እንግዳ ሳትነግሩት አትጨምሩ።

ሁለት ብርጭቆ ብቻ ጠጥቼ አናቴ ላይ ወጣ

ሁለት አልጠጣችሁም። ኔግሮኒውን እናስላው፦ ከጂኑ 12 ሚሊ ሊትር ንጹህ አልኮል፣ ከካምፓሪው 7 ተኩል ገደማ፣ ከቨርሙቱ 5 ገደማ፣ በድምሩ ከ24 በላይ። 5 በመቶ የሆነ የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ 16 ተኩል አለው። ስለዚህ ሁለት ኔግሮኒ ማለት ሦስት ቢራ ነው፣ ያውም ተለክቶ ከተቀዳ። በግምት ከቀዳችሁ ስንት እንደሆነ እናንተም አታውቁትም፣ የመኪና ቁልፉን ለሌላ ሰው ስጡ። ምሽቱ ረጅም ከሆነ ጂኑን አውጥታችሁ በምትኩ ሶዳ ጨምሩ፤ ካምፓሪ፣ ጣፋጭ ቨርሙትና ሶዳ አሜሪካኖ ይባላል፣ ከኔግሮኒ በፊትም የነበረ መጠጥ ነው፣ አልኮሉም ግማሽ ያህል ብቻ ነው።